ሕዝብ በሳሳበት ምድር ትምህርት ቤት የት ይተከል?

የአካባቢ ፕላንና የሰው ልማት ከሉማሜ አፋፍ ሲታዩ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ሉማሜ ሲደርስ በግራም በቀኝም የሚያየው የታረሰ ሜዳ ነው። ጤፉና ስንዴው እስከ ጎጆዎቹ ደጃፍ ድረስ ተጠግቶ ይበቅላል፤ ጎጆም ከጎጆ አይርቅም፤ የግጦሽ መሬት ከዓመት ዓመት እየጠበበ ስለሄደ ከብቱ በመንገድ ዳር ሳር ይለቅማል። ይህን ያየ ሰው የአዋበል ወረዳ የሕዝብ መጨናነቅ እንጂ የሕዝብ መሳሳት ችግር አለበት ብሎ ሊገምት አይችልም። ነገር ግን ከጎዳናው በስተ ግራ ታጥፎ ወደ ደቡብ ጥቂት ሰዓት በእግሩ ቢጓዝ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ከአፋፉ በታች የዓባይ ሸለቆ ይገለጥለታል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ቁልቁለት ላይ፣ በየእርከኑና በየጎድጓዳው፣ ተራርቀው የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ማሽላና ዳጉሳ ይዘራሉ፤ ፍየል ያረባሉ፤ ለገበያ፣ ለሐኪምና ለዳኝነት ወደ ደጋው ይወጣሉ። ልጆቻቸውም ከተወሰነ ክፍል በላይ መማር ሲፈልጉ እንዲሁ ይወጣሉ፤ ወይም ይቀራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ «ይወጣሉ ወይም ይቀራሉ» የተባለው ነገር በአጋጣሚ የሚሆን አለመሆኑን ማስረዳት ነው። አንድ ልጅ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ስንፍና ይዞት ወይም ወላጁ ትምህርት ጠልቶ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በቢሮ ተቀምጦ በካርታ ላይ ነጥብ ሲያኖር የልጁን ዕጣ አብሮ ስለ ወሰነ ነው።

ስለ ሁለቱ ቃላት

«የአካባቢ ፕላን» ስንል ልማት ምን ይሁን ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የት ይሁን የሚለውን መመርመራችን ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ መንገዱ፣ ገበያው፣ የውኃ ጉድጓዱ በምን ቦታ ቢቀመጡ፣ አንዱ ከሌላው ምን ያህል ቢርቅ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢጎራበት ብዙ ሰው በጥቂት ድካም ይጠቀምባቸዋል የሚለው የዚህ ሙያ ማእከል ነው። «የሰው ልማት» የሚለው አባባል ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያው የሰው ልማት ሪፖርት ከወጣ ወዲህ የተለየ ትርጉም ይዟል። ፓኪስታናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ማህቡብ ኡል ሐቅ፣ ከሕንዳዊው አማርትያ ሴን ጋር በመመካከር፣ የአገር እድገት በምርት መጠን ብቻ እንዳይለካና ሰው ስንት ዓመት ይኖራል፣ ምን ያህል ይማራል፣ ለኑሮው የሚበቃ ገቢ አለውን የሚሉት ሦስቱ አንድ ላይ እንዲታዩ አደረጉ።

ይህ መለኪያ ጠቃሚነቱ የታወቀ ነው። ሆኖም አማካይ ስለ ሆነ የሚሸፍነው ነገር አለው። በአንድ ወረዳ ውስጥ የደጋው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የቆላው ልጅ በአራተኛ ክፍል ቢቆም፣ የደጋው ሕዝብ በቁጥር እጅግ ስለሚበልጥ የወረዳው አማካይ ከስምንት ብዙም ዝቅ አይልም። ሪፖርቱ ያምራል፤ የቆላው ልጅ ግን በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ሕዝብ በሳሳበት ስፍራ ለሚሠራ ፕላን አውጪ የመጀመሪያው ጥንቃቄ እንግዲህ ቁጥሩን ከመደመሩ በፊት በየቦታው ለይቶ ማየት ነው።

የክቡ ስሌት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ቀላል ስሌት እንሥራ። ለልጅ የሚመች የእግር መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ብንነሣና በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ክብ ብንሥል፣ የክቡ ስፋት 28 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 150 ሰው በሚኖርበት ደጋ በዚህ ክብ ውስጥ ወደ 4,200 ሰው ይገኛል። ከስድስት ሰው አንዱ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ለሚማርበት ዕድሜ የደረሰ ነው ብንል 700 ልጆች አሉ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ይበቃል፤ እንዲያውም መማሪያ ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ።

በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 10 ሰው ብቻ በሚኖርበት ቆላስ? በዚያው ክብ ውስጥ 280 ሰው፣ ከእነርሱም 47 ያህል ልጆች ይገኛሉ። ለስድስት ክፍል ቢከፋፈሉ በየክፍሉ ስምንት ናቸው። ለስምንት ልጅ አንድ መምህር የሚመድብ ወረዳ የለም። ለየክፍሉ 40 ተማሪ፣ በጠቅላላው 240 ልጅ እስኪሞላ ድረስ ክቡን ማስፋት አለብን ከተባለ ደግሞ 1,440 ሰው፣ ማለትም 144 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያስፈልገናል። የዚህ ክብ ጠርዝ ከመካከሉ 6.8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሰባት ዓመት ሕፃን ደርሶ ለመመለስ በቀን 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ይራመዳል ማለት ነው።

የሕዝብ መሳሳት ጠቅላላ ምሥጢሩ በዚህ ውስጥ አለ። አገልግሎቱን ብናቀርበው ተጠቃሚው ያንሳል፤ ተጠቃሚውን ብናበዛው አገልግሎቱ ይርቃል። የቀረው ሁሉ ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የተሞከሩ መንገዶች ታሪክ ነው።

አስተዳደራችን ራሱ በዚህ አጣብቂኝ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር መሬት ይዞ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ይህ 8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ደጋ ላይ 8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ ትልቅ አጥቢያ ይይዛል። ቆላ ላይ ግን ጥቂት አባወራዎችን ብቻ ያቅፋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በሰው ቁጥር ተነሥቶ ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ባለሙያዎች መደበ። ሁለቱም አሠራሮች ለደጋው ይስማማሉ። ቆላውን የመጀመሪያው በሕዝብ ቁጥር ያሳንሰዋል፤ ሁለተኛው በርቀት ይጎዳዋል።

ክቡ የማያሳየው ዳገት

ከላይ የሠራነው ስሌት ምድሩ ሜዳ ነው በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። በዓባይ ሸለቆ ግን ሜዳ የለም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ለተጓዦች ያወጣው ቀላል ደንብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምርበት ይላል። መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 900 ሜትር ለሆነበት ልጅ ርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ዳገቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይፈጃል። ደንቡ የወጣው ለጠና ጎልማሳ መሆኑንም አንርሳ። ደወሉ ጠዋት በ2 ሰዓት የሚደወል ከሆነ ልጁ ከቤቱ የሚነሣው ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በካርታው ላይ ግን ይህ ልጅ «በ6 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚገኝ» ተብሎ ተመዝግቧል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። በጀማሪነት ዘመኔ ለአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ቦታ እንዲመርጡ ከታዘዙት መካከል ነበርሁ። በቀላል ካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ ሥዬ፣ መንደሮቹን ቆጥሬ፣ መካከለኛውን ቦታ አመልክቼ አቀረብሁ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ሕዝቡም ድንጋይና እንጨት አዋጥቶ ትምህርት ቤቱን ሠራ። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ከተመዘገቡት ልጆች ሲሶ ያህሉ አልመጡም። በመንደሮቹና በትምህርት ቤቱ መካከል በበጋ ልጅ የሚዘልላት አንዲት ጅረት ነበረች። በካርታዬ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ነበር ያየኋት። በክረምት ግን ሞልታ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ማንንም አታሻግርም ነበር። ልጆቹ በየዓመቱ ከአንድ ወር በላይ ትምህርት ያመልጣቸዋል፤ ዘግይተው ሲመጡ መምህሩ ፊደሉን ጨርሶ ይጠብቃቸዋል። አንድ ሽማግሌ በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸን ስንት ልጅ አላችሁ ብለህ ነው፤ በየት ይመጣሉ ብለህ አልጠየቅኸንም» አሉኝ።

ስለዚህ ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ ሰዓቱም በበጋና በክረምት ተለይቶ መለካት አለበት። መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕላን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመ ወዲህ በሰፊው ያስተማረው የትምህርት ቤት ካርታ አሠራርም መነሻው ይኸው ነው። ካርታው የሚጀምረው ሕንፃው የቆመበትን ቦታ በማመልከት ሳይሆን ልጁ ከሚነሣበት ቤት ነው።

ባዶ የሚመስል መሬት

ቆላው የሳሳው ለምን ነው? ቀላሉ መልስ ወባ ነው፤ ሁለተኛው ገንዲ ነው። በሬ የሚገድል በሽታ ባለበት ምድር የማረሻ ግብርና አይስፋፋም። ሙቀቱና የመሬቱ ዘንበል ማለት ሲጨመርበት ሕዝቡ ደጋውን መምረጡ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ቆላው «ሰው የሌለበት» ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ እጅግ አደገኛ ስሕተት ነው። የዚህን ስሕተት ዋጋ ከቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር የመተከል አውራጃ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መተከል በአሁኑ ጊዜ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞን ነው። በጎጃም ሥር በነበረበት ዘመን በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከሳሳባቸው አውራጃዎች አንዱ ነበር። የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ሲመጣ ወታደራዊው መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዛወረ። ከዚህ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ የሚሆነው በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ በተባለው ስፍራ ሰፈረ። ሰፋሪዎቹ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ነበሩ። የኢጣሊያ መንግሥት በሰጠው ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ደኑ በከባድ መኪና ተመነጠረ፤ መንገድ ተቀየሰ፤ ሆስፒታል ተሠራ፤ መንደሮቹ በረድፍ ተተከሉ፤ ስም ስላልነበራቸውም በቁጥር ተጠሩ። በአካባቢ ፕላን መማሪያ መጽሐፍ መለኪያ ቢታይ የተሟላ ሥራ ነበር፤ አገልግሎት በእኩል ርቀት፣ ሕዝብ በታወቀ ቁጥር፣ መንገድ በቀጥታ መስመር።

የጎደለው ምን ነበር? መሬቱ ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ በዚያ ምድር የሚኖረው እያፈራረቀ በማረስ ነው። አንዱን ቦታ ጥቂት ዓመት ያርሰውና ለምነቱ እንዲመለስለት ይተወዋል፤ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይመለሳል። ከዚህ ጋር አደኑ፣ ማሩ፣ ከጫካ የሚለቀመው ሥራ ሥሩ አለ። እንደ ደጋ ገበሬ ዐይን የሚያይ ሰው ያደረውን መሬት ሲያይ ጠፍ ነው ይላል። ያ «ጠፍ» የተባለው መሬት ግን የነገ እርሻ፣ የነገም እህል ነው። ደኑ ሲመነጠር ጉሙዙ የተወሰደበት ትርፍ መሬት ሳይሆን የአኗኗሩ አንድ ክፍል ነበር። በአዲስ መጤዎችና በነባሩ ሕዝብ መካከል ግጭት መከተሉ፣ ፕሮጀክቱም በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ ጋር ሲቆም ብዙ ሰፋሪዎች ወደየመጡበት መበተናቸው የታወቀ ነው። የፓዌ ሆስፒታልና የግብርና ምርምር ማእከሉ ለአካባቢው ሕዝብ ማገልገላቸውን ቀጥለዋል፤ ይህንም አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ታላቁ የህዳሴ ግድብም በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው በዚያው በመተከል፣ በጉባ ነው። የሳሳ ምድር ለታላላቅ ሥራዎች የሚመረጥበት ምክንያት መሳሳቱ ራሱ ነውና በዚያ የሚኖረው ጥቂት ሕዝብ አስቀድሞ ሊቆጠርና ሊጠየቅ ይገባዋል።

በደጋው የተሞከረው ሌላው መንገድ የመንደር ምሥረታ ነበር። ተራርቆ የሚኖረውን ገበሬ ሰብስቦ አገልግሎት ማቅረብ የሚለው ሐሳብ በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሰፊው ተሠርቶበት ነበር፤ በእኛም አገር በ1970ዎቹ ማብቂያ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ክፍላተ ሀገር ተስፋፋ። በስሌት ደረጃ ሐሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ክቡን ከማስፋት ይልቅ ሰዎቹን ወደ ክቡ መሃል ማምጣት ነው። ግን ገበሬው ከእርሻው ሲርቅ ሰብሉን ዝንጀሮና ከብት ይበሉበታል፤ ውኃና ማገዶ በአንድ ቦታ ሲፈለግ ያልቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተደረገው በውዴታ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ፖሊሲው ተተወ፤ ገበሬውም ቤቱን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ።

ከተማይቱ እንደ እምብርት

ጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ዋልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ጥናት ስለ ደቡብ ጀርመን ከተሞች ሲያስረዳ፣ ትናንሽ መንደሮች በመካከለኛ ከተማ፣ መካከለኞቹም በትልቅ ከተማ ዙሪያ በደረጃ እንደሚደራጁ አሳየ። በየቀኑ የሚፈለገው ነገር በቅርብ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገው በሩቅ ይገኛል። ለትምህርት ቤት ይህ በቀጥታ ይሠራል፤ አንደኛ ክፍል በየጎጡ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ በቀበሌው፣ ሁለተኛ ደረጃ በወረዳው ዋና ከተማ። ክሪስታለር ግን ይህን ያሰበው ምድሩ ሜዳ፣ ሕዝቡም እኩል የተበተነ ነው ብሎ ነው። ሊቁ ራሱ በኋላ በናዚ ዘመን ለተያዘችው ፖላንድ የአሰፋፈር ፕላን በማውጣት ሥራ ተካፍሏል። ነዋሪው የሚባረርበትን አገር እንደ ባዶ ሉክ ቆጥሮ ነጥብ መደርደር ምን ያህል እንደሚቀልል ይህ ያመለክታል።

ሉማሜ ለዚህ ንድፈ ሐሳብ ጥሩ ማሳያም ጥሩ ማስተባበያም ናት። የወረዳው መቀመጫ፣ ገበያው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የመኪና መናኸሪያው በእርሷ ዘንድ ይገኛሉ። ነገር ግን ከተማይቱ የተተከለችው በሕዝቡ መካከል ሳይሆን በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ነው። ለመንገዱ ቅርብ ለሆነው ደገኛ በእርግጥ እምብርት ናት፤ ለበረኸኛው ግን ከአገሩ ጫፍ ማዶ ያለች ናት። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የገጠር ቀበሌዎችን በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ብዙ የደጋ ቀበሌዎችን ቢጠቅምም ወደ ሸለቆው የሚወርድ መንገድ መሥራት ሌላ ነገር ነው። ዳገቱን ለመጠምዘዝ የሚፈጀው ገንዘብ በሜዳ ከሚፈጀው ብዙ እጥፍ ነው፤ ክረምትም ያፈርሰዋል።

የሳምንት ስንቅ

ስለ ሉማሜ ስጽፍ ስለ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማይቱ የሚገቡ ልጆች አሉ። በጀርባቸው ወይም በትከሻቸው የሳምንት ስንቅ ይዘዋል፤ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዱም በፕላስቲክ ዕቃ ጥቂት ዘይት። ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራ ይበላሉ፤ ረቡዕ መሻገት ይጀምራል፤ ሐሙስና ዓርብ በድርቆሽና በበሶ ያልፋል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እርሻ ወይም ከብት ጠብቀው እሑድ ይመለሳሉ። ይህ ሥርዓት በየትኛውም ፕላን ላይ አልተጻፈም። ወላጆችና ልጆች ራሳቸው የአካባቢ ፕላን አለመኖሩን ለመተካት የፈጠሩት ነው። የአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በገጠር የቆመው በእነዚህ የኪራይ ክፍሎች ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለሴት ልጅ ነገሩ ይከብዳል። ወላጅ ወንድ ልጁን ለመላክ የሚያመነታው ስለ ገንዘብ ነው። ሴት ልጁን ለመላክ የሚያመነታው ግን በመንገድ ላይ ምን ታገኛለች፣ በኪራይ ቤት ማን ይጠብቃታል በማለት ነው። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በቅርብ ትምህርት ቤት አጥታ ከቤት የዋለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እስከ 18 ዓመቷ ምን ትሥራ የሚለውን ሕጉ አይመልስም። ከኮሌጃችን የሚላኩ እጩ መምህራን ለትምህርት ልምምድ ወርደው ሲመለሱ ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ፤ በቆላ ትምህርት ቤቶች በአንደኛ ክፍል ሴቶቹና ወንዶቹ እኩል ናቸው፣ በአራተኛም ብዙ አይለያዩም፣ ትምህርት ቤቱ አልቆ ወደ አፋፉ መውጣት ሲጀመር ግን የሴቶቹ ወንበር ባዶ ይሆናል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ባህል ነው እየተባለ ይነገራል። ባህል ድርሻ የለውም አልልም፤ ነገር ግን ባህሉ ከአራተኛ ክፍል በፊት የት ነበር?

በዚህ ረገድ አነስተኛ የተማሪዎች ማደሪያ ከትልቅ ሕንፃ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። አንድ ጠባቂ ሴት፣ አንድ ማብሰያ፣ ሃያ አልጋ። ይህ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሆኖም በበጀት መደብ ውስጥ «ማደሪያ» የሚል ርእስ ስለሌለው ማንም አይጠይቀውም።

በአንድ ክፍል ብዙ ክፍል

ወደ ስሌቱ እንመለስና፣ በ3 ኪሎ ሜትር ክብ ውስጥ የተገኙትን 47 ልጆች እናስብ። ስድስት መምህር አይመደብላቸውም፤ ሁለት ግን ሊመደቡላቸው ይችላሉ። ሁለት መምህራን ስድስት ክፍል ማስተማር ይችላሉን? ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ «አዲሱ ትምህርት ቤት» በተባለው አሠራር ይህን አሳይታለች። በተራራማው ገጠር አንድ ወይም ሁለት መምህር ሁሉንም ክፍል ያስተምራል። ልጆቹ በየራሳቸው ፍጥነት የሚሄዱበት የመማሪያ መምሪያ አላቸው፤ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ልጅ ለመከር ሥራ ሁለት ሳምንት ቢቀር ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል እንጂ ዓመቱን አይደግምም።

በእኛም አገር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሳተላይት ትምህርት ቤቶችና የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የተቋቋሙት ለዚሁ ነው። ጉድለቱ ከሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው የእኛው የኮሌጆች ጉድለት ነው፤ እጩ መምህሩን የምናሠለጥነው አንድ ክፍል፣ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ 40 ደቂቃ በሚል ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ክፍል በአንድ ዳስ ወደ ተሰበሰቡበት ቀበሌ እንልከዋለን። እርሱም የሚያውቀውን ያደርጋል፤ አንዱን ክፍል እያስተማረ ሁለቱን ያስቀምጣል። ሥርዓተ ትምህርት የማዘጋጀት ኃላፊነት ያለብን ሰዎች ይህን ጥፋት ወደ ሌላ ማላከክ አይገባንም። ሁለተኛው ጉድለት የገንዘብ ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ አማካይነት ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የተሰላ ነበር። 700 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ጠመኔውን፣ መዝገቡንና ሰሌዳውን ገዝቶ ይተርፈዋል፤ 47 ተማሪ ያለው ለጠመኔውም ይቸገራል። ጣሪያ የሚያፈስሰው ግን በተማሪ ቁጥር ልክ አይደለም። እንዲህ ላለው ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ከሚሰጠው በፊት ቋሚ መነሻ ድጎማ ሊታሰብለት ይገባል።

አዲሱ የ6፣ 2፣ 4 አደረጃጀት ደግሞ ያልታሰበበት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በቀድሞው አደረጃጀት አራተኛ ክፍል የአንድ እርከን ማብቂያ ነበርና ሳተላይት ትምህርት ቤቱ የተሟላ ተቋም ነበር። አሁን ግን ከስድስቱ አራቱን ብቻ የያዘ ጎደሎ ሆኗል። ወይ ሁለት ክፍል ይጨመርለታል፣ ወይ ይዘጋል። በቁጥር ለሚሠራ ባለሙያ መዝጋቱ ይቀለዋል።

የመቁጠር ችግር

የትምህርት ቤት ካርታ ለመሥራት ቤቶችንና ልጆችን መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን በምሥራቅ ጎጃም የሚያደርግ መምህር ግን ሕዝቡ መቆጠርንና መለካትን እንዴት እንደሚያይ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ የተነሣው ስለ ግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይነካል ብሎ ስለ ፈራ ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተደረገው የመሬት ሽግሽግም ከምዝገባና ከልኬታ በኋላ መሬት እንደሚወሰድ ለብዙዎች አሳይቷል። ስለዚህ ወረቀት ይዞ «ስንት ልጅ አላችሁ» የሚል እንግዳ ሲመጣ አንዱ ልጆቹን ይደብቃል፣ ሌላው ለእርዳታ መስሎት ያበዛል። ሁለቱም አስተዋዮች ናቸው፤ ካለፈው ተምረዋል። በሠፈሩ የሚኖረው መምህር፣ ቄሱ ወይም የእድሩ ሹም አብሮ ሲሄድና የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ በጉባኤ ሲነገር ቁጥሩ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከቤቱ የወጣ ልጅም በሰላም መመለሱ አሳሳቢ ሆኗል። ይህ ርቀት የሚባለውን ነገር ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል። 3 ኪሎ ሜትር በሰላም ጊዜ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ በስጋት ጊዜ ግን ወላጅ ጨርሶ የማያስኬደው መንገድ ይሆናል። በኪራይ ክፍል የሚኖረው ልጅም ስንቁን የሚያመጣለት አያገኝም። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የቀድሞው ካርታ እንዳለ ከሚመለስ ይልቅ ቢከለስ የተሻለ ነው፤ የተዘጋው ትምህርት ቤት የት እንደ ነበር ብቻ ሳይሆን ልጆቹ አሁን የት እንዳሉ መጠየቅ ያስፈልጋልና።

በኮሌጃችን ለዚህ የምንጠቀምበት ወረቀት አንድ ገጽ ነው። እጩ መምህሩ በልምምድ ወቅት በተመደበበት ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉትን ጎጦች ስም ይጽፋል። ከየጎጡ አንድ ልጅ ይዞ በልጁ እርምጃ፣ በልጁ መንገድ ይሄዳል፤ መቼ ተነሥተው መቼ እንደ ደረሱ ይመዘግባል። የተሻገሩትን ጅረት፣ ጅረቱ የሚሞላባቸውን ወራት፣ ጅብ የሚፈራበትን ስፍራ ያሰፍራል። ከዚያ በየጎጡ በትምህርት ዕድሜ ያሉትን ልጆች፣ የሚማሩትንና የማይማሩትን፣ ወንድና ሴት ለይቶ ይቆጥራል። በመጨረሻው ዓምድ ትምህርት ያቆሙት በስንተኛ ክፍል እንደ ቆሙና አሁን የት እንዳሉ ይጻፋል። ከተመለሱት ወረቀቶች አብዛኞቹ በመጨረሻው ዓምድ በወንዶቹ ትይዩ «እረኛ»፣ በሴቶቹ ትይዩ «አግብታለች» ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ከቆላ የመጣ አንድ ወረቀት ግን በአንዲት ልጅ ስም ትይዩ «በየቀኑ እየወጣች ትማራለች፤ አባቷ እስከ አፋፉ ይሸኛታል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በሰዓቱ ዓምድ ላይ የተጻፈው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው።